የረዳ እንግዳና የቤቱ ባለቤት

በዶርዜያችን የቀርከሃ ቤት ሥሩን ምስጥ ሲበላው፣ ጎረቤት ተጠራርቶ ቤቱን እንዳለ አንሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል። ተሸካሚዎቹም በልተው ጠጥተው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ እንጂ «ስለ ተሸከምን እኛ እናስተዳድረው» አይሉም።

የእንግሊዝ መንግሥት ግን በ1933 ዓ.ም. ከአርበኞቻችን ጋር ሆኖ ፋሺስትን ካስወጣ በኋላ ቶሎ አልሄደም። ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ነጻነታችንን ቢያውቅም፣ የጅቡቲው ምድር ባቡርና ኦጋዴን በጦሩ እጅ ቀሩ፤ መንግሥታችንም ተጨማሪ የውጭ አገር አማካሪ ለመሾም አስቀድሞ እንግሊዝን ማማከር ነበረበት። እንደ ኡጋንዳ «በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ያለ አገር» ባንባልም፣ ነጻነታችን ሙሉ አልነበረም።

ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 ዓ.ም. በሁለተኛው ውል ባቡሩ ተመለሰ። ከኦጋዴን አብዛኛው በ1940ዎቹ መጀመሪያ፣ የቀረው በ1947 ዓ.ም. በእጃችን ገባ። ይህም የሆነው በጦር ሳይሆን በውይይትና በትዕግሥት ነው።

ከዚህ ምን እንማራለን? ለረዳን ምስጋና ይገባል፤ ምስጋና ግን ቤትን አሳልፎ መስጠት አይደለም። ስለዚህ እኛ ወጣቶች ፊደል እንቁጠር፤ ወላጆቻችንም በማናቸውም ወረቀት ላይ ጣታቸውን ከማተማቸው በፊት እናንብብላቸው።