«ባለሥልጣኑ ፈቅዶታል» ሲሉዎት

ጠያቂያችን እንዲህ ይላሉ፦ «በምሥረታ ላይ ካለ ድርጅት አክሲዮን እንድገዛ እየተጠየቅሁ ነው። ሻጩ የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቅዶታል ይለኛል። ታዲያ ገንዘቤ አይጠፋም ማለት ነው?»

አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት አክሲዮኑን ለሕዝብ የሚያቀርብ ኩባንያ ከሽያጩ በፊት ሰነደ መዋዕለ ንዋዩን፣ እዚህ ላይ አክሲዮኑን፣ በባለሥልጣኑ ዘንድ ያስመዘግባል፤ የደንበኛ ሳቢ መግለጫውንም፣ ማለትም ስለ ድርጅቱና ስለ ሽያጩ ለገዢው የሚያስረዳውን ሰነድ፣ ያስጸድቃል። ባለሥልጣኑ የሚያየው ማወቅ የሚገባዎት ነገር መገለጡን ነው። ሥራው ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለውን ሕጉ ለእርስዎ ትቶታል።

ስለዚህ የመጀመሪያ መብትዎ ከመክፈልዎ በፊት መግለጫውን ማግኘት ነው። ሲያነቡ ትርፍ ከሚያወራው ገጽ አይጀምሩ። ስለ ስጋት፣ ስለ ዕዳና በፍርድ ቤት ስላሉ ክርክሮች የተጻፈውን ያስቀድሙ፤ ድርጅቱን ማን እንደሚቆጣጠረውም ይፈልጉ። ለምሳሌ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. ለሽያጭ ያቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን ነበር፤ የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር። ይህ ሁሉ ተሸጦ ቢያልቅ እንኳ የድርጅቱ 10 በመቶ ብቻ ነበር። ገዢው የትርፍ ድርሻ ይጠብቃል እንጂ ውሳኔው በመንግሥት እጅ እንደሚቆይ ከዚህ ቁጥር ይረዳል።

በምሥረታ ላይ ላለ ኩባንያ ግን ከሁሉ በላይ የማሳስበው የባንክ ሂሳቡን ነው። የአክሲዮን ገንዘብ የሚገባው በምሥረታ ላይ ባለው ኩባንያ ስም በተከፈተ ዝግ ሂሳብ ነው፤ ምሥረታው ካልተሳካ አክሲዮን ለመግዛት ለፈረሙት እንዲመለስ። ደረሰኝዎን አውጥተው ይዩት። የተከፈለው በግለሰብ ስም ከሆነ፣ ወይም «የአገልግሎት ክፍያ» የሚል ብቻ ተጽፎበት የአክሲዮኑ ብዛት ከሌለበት፣ ሌላ ብር አይጨምሩ። የአገልግሎት ክፍያ አክሲዮን አይገዛም፤ ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ዘግይቶ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ለሕዝብ የተነገረው ሐሰት ሆኖ ከተገኘ መሥራቾቹ በአንድነትና በነጠላ ይጠየቃሉ። ሻጩ በቃል የነገረዎትን ማስረዳት ግን ከባድ ነው፤ በጽሑፍ ይስጥዎት። በራሪ ወረቀቱን፣ የቴሌግራም መልእክቱንና የፈረሙበትን ቅጽ ቅጂ ያስቀምጡ።

ቀድመው ከፍለው ከሆነ የምዝገባውን ማስረጃና የጸደቀውን መግለጫ እንዲሰጡዎት በደብዳቤ ይጠይቁ፤ ቅጂው ላይ መቀበላቸውን ያስፈርሙ። መልስ ካጡ ያንኑ ቅጂ ከደረሰኙ ጋር አያይዘው ለባለሥልጣኑ አቤት ይበሉ።