ኮንትራት መኪና ስንይዝ

ድንቅነሽን ለማየት ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ብንሄድ መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ታዲያ ከዋጋ በፊት ሰው እንቁጠር።

48 ተማሪዎችና 4 መምህራን 52 ይሆናሉ። አንድ ሚኒባስ 12 ሰው ቢይዝ፣ 52 ለ12 ሲካፈል 4 ይደርሳል፤ ቀሪ 4። "ግድ የለም፣ ተጠጋጉ፣ ትንንሾቹን እቀፏቸው" ሊባል ይችላል። አይሆንም! እዚህ ላይ ቀሪው ቁጥር ሳይሆን ሰው ነው። ስለዚህ አምስተኛ ሚኒባስ ይጨመር፣ ወይም አውቶቡስ ይያዝ።

ቀጥሎ እንጠይቅ፦

1. ዋጋው የደርሶ መልስ ነው? ነዳጁስ በማን ነው?
2. ቦሎው የዘንድሮ ነው? ጎማውስ?
3. ቀብድ ስንከፍል ውሉ በጽሑፍ ነው?

በመጨረሻም ሒሳቡን ለሁላችንም እኩል እናካፍል። ትርፍ የሚባል ልጅ የለም!

መልካም ጉዞ!