የጎን ባልደረባ



የዛሬው ትምህርት የተጀመረው በባቡር ውስጥ ነው። የምኖረው ሳሪስ ነው። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ከቃሊቲ ወደ ምኒልክ አደባባይ በሚሄደው ባቡር ተሳፍሬ ሜክሲኮ እወርድ ነበር። ከበሩ አጠገብ ሁልጊዜ የሚቆሙ፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሁለት ዓመት ያህል ትከሻ ለትከሻ ተነካክተን ተጓዝን። አንድ ሁለት ቀን ወደ እኔ ዞረው ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ሰላምታ ይሁን ዚክር አላውቅም፤ ጆሮዬን በስልክ ማዳመጫ ደፍኜ ነበርና።

አንድ ማለዳ የዕድር ጥሩምባ ተነፋ። ከጀርባችን ባለው ቅያስ ድንኳን ተተከለ። ለተዕዚያ ስገባ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፎቶግራፍ አይቼ ደነገጥኩ። እኒያ ሽማግሌ ናቸው። ቤታቸው ከቤቴ አምስተኛው ነበር። ስማቸውን ያወቅሁት ያን ዕለት ጀናዛቸውን ወደ ኮልፌ ስንሸኝ ነው።

ሁለት ሐቆች

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ-ን-ኒሳእ አንቀጽ 36 እርሱን ብቻ እንድንገዛ ካዘዘ በኋላ መልካም ልንሠራላቸው የሚገቡንን ይዘረዝራል፤ ወላጆችን፣ ዘመዶችን፣ የቲሞችን፣ ሚስኪኖችን፣ የቅርብና የሩቅ ጎረቤትን። ቀጥሎም «አስ-ሷሒብ ቢልጀንብ» የሚባለውን ይጠቅሳል፤ የጎን ባልደረባ ማለት ነው። ከሙፈሲሮች የትዳር ጓደኛ ነው ያሉ አሉ፤ የጉዞ ጓደኛ ነው ያሉም ብዙ ናቸው። ያን ጊዜ ጉዞው በግመል ነበር፤ ዛሬ በባቡርና በታክሲ ነው። ጎናችን የተቀመጠው ሰው ሐቁ ግን አልተለወጠም።

እንግዲህ እኒያ አባት በእኔ ላይ የጎረቤትና የጎን ባልደረባ ሐቅ ነበራቸው። አንዱንም ሳልወጣ ቀረሁ።

ይህ ሐቅ ለሙስሊም ብቻ የተወሰነ አይደለም። ሶሓባው ዐብዱላህ ኢብኑ ዐምር በግ ባረዱ ጊዜ ለአይሁዳዊው ጎረቤታቸው ተሰጥቶት እንደሆነ ቤተሰባቸውን ደጋግመው መጠየቃቸው ተዘግቧል። በእኛ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይኖራል። «እንደምን አደሩ» ማለት ምን ይከብዳል?

የመንገድ ሐቅ

ከባቡር ስንወርድስ የት ነው የምንቀመጠው? ጀበና ቡና ከምትሸጠው እህት በርጩማ ላይ፣ በሻይ ቤቱ በረንዳ፣ በታክሲ ተራው ጥግ። ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሰዒድ አል-ኹድሪይ እንደዘገቡት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መንገድ ላይ ከመቀመጥ አስጠነቀቁ። ሶሓቦች የሚጫወቱበት ሌላ ቦታ እንደሌላቸው ሲገልጹ ግን አልከለከሏቸውም፤ ከተቀመጡ የመንገዱን ሐቅ እንዲሰጡ አዘዟቸው። በዚህ ዘገባ ሐቁ አራት ነው።

አንደኛው ዓይንን መስበር ነው። በርጩማ ላይ ሆነን ከባቡር የምትወርደውን እህት ከራስ እስከ እግር የምንመዝን ይህን ሐቅ በልተናል።

ሁለተኛው ሰውን አለመጉዳት ነው። የእግረኛውን መንገድ በመቀመጫ ዘግተን፣ ልጅ ያዘለች እናት ወደ መኪናው መንገድ እንድትወጣ ማድረግ ጉዳት ነው። በባቡሩ በር ላይ በክርን መግፋትም እንዲሁ።

ሦስተኛው ሰላምታን መመለስ ነው። ለመመለስ ደግሞ መስማት ያስፈልጋል።

አራተኛው በመልካም ማዘዝና ከመጥፎ መከልከል ነው። የኪስ አውላቂ እጅ ወደ ሰው ቦርሳ ሲገባ አይተን ፊታችንን ወደ መስኮት ካዞርን፣ ስለ ዳዕዋ የምናወራው ለማን ነው?

«በዚህ ግፊያ?»

«በዚህ ግፊያ ማን ለማን ያዝናል?» የሚል አይጠፋም። እውነት አለው። መስመሩ መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ብዙ ተስፋ ነበር። ለሁለቱ የከተማ መስመሮች 41 ባቡሮች መጥተው ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆሙ። የቀሩት ላይ ሰው ተጨናነቀ። ሐዲዱ በደብረ ዘይት መንገድ መሐል በመዘርጋቱም ማዶ ያለ ጎረቤትን ለመጠየቅ መሻገሪያ ፍለጋ ዞሮ መሄድ ግድ ሆነ። ይህን ኃላፊነት ያለባቸው ይመልሱ። ለሽማግሌ ወንበር መልቀቅ ግን መለዋወጫ አይጠይቅም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰውን ከእንስሳው ላይ እንዲወጣ መርዳትን፣ ዕቃውንም ማንሳትን ሶደቃ ብለውታል። ከአትክልት ተራ ዘንቢል ተሸክማ የምትሳፈረው እናት በየቀኑ ይህን ሶደቃ በር ላይ ይዛልን ትመጣለች።

ምን እናድርግ?

ንፋስ ስልክ ማለት ሽቦ የሌለው፣ ድምፅን በአየር የሚያደርስ ስልክ ማለት ነው። ሰፈራችን በዚህ ስም እየተጠራ እኛ በአንድ ክንድ ርቀት ያለውን ሰው አለመስማታችን ያሳፍራል። ነገ ጠዋት ማዳመጫውን እናውልቅ። የምናውቀውንም የማናውቀውንም ሰላም ማለት ከመልካም እስልምና መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። በቅያሳችን ያሉትን አባወራዎች ስም እንቁጠር፤ የማናውቀው ካለ በዚህ ጁሙዓ በሩን እናንኳኳ። ዕድር ያልገባን እንግባ፤ የገባንም መዋጮ ከፍለን ብቻ አንቅር።

እኔ ለእኒያ አባት «ወዓለይኩሙ-ሰላም» ለማለት ዘግይቻለሁ። የቀረኝ ዱዓእ ነው። አላህ ይዘንላቸው፤ ቀብራቸውን ያስፋላቸው። እኛንም ጎናችን ያለው ሰው ሳይሞት የምናውቀው ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።