በእንግድነት አገር ሃይማኖትን ስለ መጠበቅ

በግእዝ ቋንቋ «ነገደ» ማለት ተጓዘ፣ ከአገር ወደ አገር ሄደ፣ ሸጠ ለወጠ ማለት ነው። መንገድ፣ ነጋዴ፣ እንግዳ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከዚሁ ከአንዱ ግንድ የበቀሉ ቅርንጫፎች ናቸው። እንግዲህ እንግዳ ማለት መንገድ ያመጣው ሰው ነው። መንገድ ያመጣው ሰው ካረፈበት አገር ሕዝብ ጋር እንዴት ይኑር? ምንስ ይቀበል? ምንስ ይጠብቅ? ይህ ጥያቄ ዛሬ በገዛ ልጆቻችን ላይ ስለ ደረሰ፣ በዚህ ጽሑፍ ጥቂት ልንናገርበት ወደድን።

ባለፈው የጥምቀት በዓል ማግስት አንዲት አረጋዊት ከባሕር ማዶ የመጣውን የልጅ ልጃቸውን እጁን ይዘው ወደ ቤታችን መጡ። ልጁ ዕድሜው ዐሥራ ሦስት ዓመት ያህል ነው፤ ተወልዶ ያደገውም በአሜሪካ ነው። በአንገቱ ማተብ ያሰረ፣ በታቦቱ ፊት ጫማውን አውልቆ የሚሰግድ፣ ጨዋ ልጅ ነው። አረጋዊቷም «አባቴ፣ እኔ ዛሬ ነገ ሳልል አልፋለሁ፤ ይህ ልጅ ሳይመለስ ኃጢአቱን ይንገርዎና እግዚአብሔር ይፍታህ ይበሉልኝ» አሉን። እኛም ልጁን ለብቻው አቅርበን ልንጠይቀው ብንጀምር ከሰላምታ በቀር አማርኛ የማያውቅ ሆነ፤ እኛም የእርሱን ቋንቋ አናውቅም። ስለዚህ ወላጅ እናቱ ገብታ እንድታስተረጕም አደረግን። ልጁ አንድ ቃል ጀመረና የእናቱን ፊት አይቶ ዝም አለ። እናቱም «አባ፣ ምንም የለኝም ይላል» አለችን፤ ዓይኑ ግን እንባ ሞልቶ ነበር። ንስሐ ተነሳሒው ለካህኑ በእግዚአብሔር ፊት የሚናገረው ምሥጢር ሆኖ ሳለ፣ በእናት አፍ እንዲተረጐም ማድረጋችን ስሕተት እንደ ሆነ ያን ጊዜ ገባን። ጸሎት አድርሰን፣ መስቀል አሳልመን አሰናበትነው። እርሱ ሸክሙን እንደ ያዘ ሄደ፤ እኛም የራሳችንን ሸክም ይዘን ቀረን።

በዚያው ሳምንት ይህንን ነገር በልባችን እያሰብን ለሌላ ጉዳይ ከአንኮበር ቍልቍል ወደ አሊዩ አምባ ወረድን። አሊዩ አምባ ከአንኮበር በስተ ምሥራቅ፣ ደጋው አልቆ መሬቱ ወደ ቈላው በሚወርድበት ስፍራ የምትገኝ የቀድሞ ዘመን የንግድ ከተማ ናት። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን በገዙበት ዘመን (እ.ኤ.አ. 1813–1847) ከታጁራ የሚነሣው ሲራራ ነጋዴ የአፋርን በረሓ አቋርጦ፣ ጨውና ልብስ ጭኖ የሚገባባት በር እርሷ ነበረች፤ ገበያዋም ዓርብ ዓርብ ይቆም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1842 በከተማዋ የተቀመጠው ጆንስተን የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በዓይኑ ያየውን ጽፎ ትቶልናል። ከሐረርና ከአዳል የመጡ እስላም ነጋዴዎች በክርስቲያን ንጉሥ ግዛት ውስጥ ቤት ሠርተው፣ ግብር ከፍለው ይኖሩ ነበር። በዚያ በር የሚያልፈው ቡናና የዝሆን ጥርስ ብቻ አልነበረም፤ በፈቃዱ ያልተሰደደ፣ እንደ ከብት የተነዳ ባሪያም ያልፍ ነበር። ስለ እንግድነት ስንናገር ያንን የተገፋ እንግዳ መርሳት አይገባንም።

በዚያ አካባቢ የሚኖሩት አርጎባዎች ግን ትናንት የመጡ እንግዶች አይደሉም፤ ከጥንቱ ከይፋት ዘመን ጀምሮ የአገሩ ባላገሮች ናቸው። ሆኖም ገበያው፣ ዳኝነቱ፣ በኋላም ትምህርት ቤቱ ሁሉ በአማርኛ ስለ ሆነ፣ በገዛ አገራቸው ሳሉ የእንግዳ ፈተና ደረሰባቸው። ከአማርኛ ጋር የቅርብ ዝምድና ያለው ቋንቋቸው አርጎብኛ በወሎ በኩል በሾንኬና በጦልሃ ሲነገር፣ በአንኮበር በኩል ግን ስፍራውን ለአማርኛ ለቋል። ይህ ጕዳት ነው፤ ቋንቋ ሲጠፋ ተረቱና ምሳሌው፣ የአያቶች ምርቃትም አብሮ ይጠፋልና። ነገር ግን ቋንቋው ሲለወጥ ሃይማኖታቸው አብሮ አልጠፋም። ይህ ስለ ምን ሆነ? ልጁ ቁርኣኑን በዐረብኛ ይቀራል፤ መምህሩ ግን ፍቺውን ልጁ በሚሰማው ቋንቋ ይነግረዋል። በወሎም መንዙማው በአማርኛ ይዜማል። በሃይማኖት ብንለያይም፣ ጐረቤት ከጐረቤቱ ያየውን እውነት መመስከር ነውር አይደለም። ንባቡ ተጠበቀ፤ ትርጓሜው ግን ልጁን ተከትሎ ሄደ።

አሁን ወደ ልጆቻችን እንመለስ። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት ወዲህ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከአገራቸው ወጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ፣ ኋላም ከ1995 ጀምሮ ዲቪ እየተባለ በዕጣ የተሰጠው ቪዛ ለብዙዎች በር ከፍቷል። እነዚህ ወገኖቻችን በሄዱበት አገር የመጀመሪያ ሥራቸው ካደረጉት አንዱ ቤተ ክርስቲያን መትከል ነው፤ ገንዘብ አዋጥተው፣ ታቦት አስባርከው፣ ካህናት አስመጥተው የአባቶቻቸውን ሥርዓት አቁመዋል። ይህ የሚያስመሰግናቸው ነው። ነገር ግን ሕንፃው ለወላጆች መጽናኛ ሲሆን፣ ልጆች በውስጡ ቆመው የማይሰሙትን የሚያዳምጡ ሆነዋል።

ቅዱሳት መጻሕፍት በዚህ ነገር ምን ያስተምሩናል? በመጀመሪያ፣ ነቢዩ ኤርምያስ ወደ ባቢሎን ለተማረኩት በላከው ደብዳቤ (ምዕራፍ 29) ቤት ሠርተው እንዲኖሩ፣ አትክልት እንዲተክሉ፣ ልጆቻቸውን እንዲድሩ፣ ስለ ተማረኩባትም ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ አዝዟቸዋል። እንግዲህ የሰፈሩበትን አገር መውደድና ሕጉን ማክበር ሃይማኖትን መካድ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ዳንኤልና ሦስቱ ወጣቶች የከለዳውያንን ቋንቋና ትምህርት ተማሩ፤ በንጉሡም ቤት በሹመት አገለገሉ። ብልጣሶር ተብሎ ስሙ በተለወጠ ጊዜ ዳንኤል ስለ ስሙ አልተጣላም። የንጉሡ ማዕድ እንዳያረክሰው ግን ከለከለ፤ ሦስቱ ወጣቶችም ለጣዖት ስገዱ በተባሉ ጊዜ እምቢ ብለው ወደ እሳት ገቡ። በዚህ ሦስት ዓይነት ነገር እናያለን። አንዱ ያለ ፍርሃት የሚቀበሉት ነው፤ ይኸውም ቋንቋ፣ ትምህርት፣ ሥራ ነው። ሁለተኛው በጥበብ የሚመዝኑት ነው፤ ይኸውም ልብስ፣ መጠሪያ ስም፣ የጐረቤት በዓል የመሰለው ነው። ሦስተኛው ነፍስ ቢሄድ እንኳ የማይለቁት ነው፤ እርሱም ሃይማኖት ነው። በስደት ያለ ወላጅ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እነዚህን ሦስቱን ሲያደባልቅ ነው። በልጁ ፀጕር አቈራረጥ ሲቈጣ ውሎ፣ ጸሎት ሳያስተምረው ያስተኛዋል።

ሦስተኛ፣ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈው፣ በመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያጕረመረሙት በግሪክ ቋንቋ የሚናገሩት አይሁድ ናቸው፤ መበለቶቻቸው በየዕለቱ ከሚሰጠው ምግብ ተዘንግተው ነበርና። ሐዋርያት «ቋንቋችንን ስትማሩ ኑ» አላሏቸውም፤ ሰባት ዲያቆናት ሾሙላቸው እንጂ። ቤተ ክርስቲያን ስለ ዲቁና ሹመት ስታስተምር፣ መነሻው የእነዚህ እንግዳ ቋንቋ ተናጋሪዎች እንጉርጉሮ እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባታል።

የእኛም ቤተ ክርስቲያን የእንግዶች ፍሬ ናት። ጳጳሳችን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የጢሮስ ሰው ሲሆን፣ በ4ኛው መቶ ዓመት በልጅነቱ ወደ አክሱም መጥቶ በቤተ መንግሥት አደገ። ተስዓቱ ቅዱሳንም ከሌላ አገር መጥተው ግእዝ ተማሩ፤ ገዳም ገደሙ፤ መጻሕፍትንም በመተርጐም አገለገሉ። እነርሱ ሕዝቡ የእነርሱን ቋንቋ እስኪማር ቢጠብቁ ኖሮ እኛ ዛሬ ምን በሆንን ነበር?

አንዳንድ ካህናት «በእንግሊዝኛ ብናስተምር ግእዛችን ይጠፋል፤ ዜማችንም ይደበዝዛል» ይላሉ። ስጋታቸው ከፍቅር የመጣ ስለ ሆነ አንንቀውም። ነገር ግን እኛ በጉባኤ ቤት የተማርነው እንዴት ነው? መምህሩ ንባቡን በግእዝ ያስነብባል፤ «አንድም» እያለ ምሥጢሩን የሚያወርደው ግን በአማርኛ ነው። አማርኛ ግእዝን አላጠፋውም፤ ወደ ልባችን ያስገባው እርሱ ነው። ለእኛ አማርኛ የሠራውን ሥራ ለዚያ ልጅ እንግሊዝኛ ይሥራለት። ደግሞም ይህ አዲስ ነገር አይደለም። መጽሐፈ ቅዳሴያችን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጕሞ ታትሟል። እ.ኤ.አ. በ1970 ኋላ አቡነ ይስሐቅ የተባሉት አባት ወደ ጃማይካ ተልከው የአገሩን ሰዎች ባጠመቁ ጊዜ፣ በቋንቋቸው አስተምረዋቸዋል። ለጃማይካ ልጆች ያልነፈግነውን ለአብራካችን ክፋይ ስለ ምን እንነፍጋለን?

ስለዚህ ለወላጆች የምንመክረው ይህ ነው። በቤታችሁ አማርኛ ተናገሩ፤ አያትና የልጅ ልጅ የሚነጋገሩበት ድልድይ ነውና። ልጃችሁ አማርኛው ቢሰንፍበት ግን አታሳፍሩት፤ የሚያፍርበትን ቋንቋ አይወደውም። ጾምን ስታስጾሙት ምክንያቱን ንገሩት። የአገሩ ሰዎች የልደትን በዓል እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 25 ሲያከብሩ እኛ ገና በነቢያት ጾም መካከል ነን፤ ልጁ ለጐረቤቱ መልካም ምኞቱን ይግለጽ፤ የራሱን በዓል ግን ስለ ምን ቆይቶ እንደሚያከብር ለሚጠይቀው መልስ ይኑረው።

ለካህናት ወንድሞቻችን ደግሞ እንዲህ እንላለን። ወደ ውጭ አገር የምትሄዱ፣ የአገሩን ቋንቋ ለገበያ ብቻ ሳይሆን ለንስሐ በሚበቃ መጠን ተማሩ። በዚያ ከተወለዱት መካከል ዲያቆናትን አሳድጉ፤ ነገ ለእኩዮቻቸው የሚናገሩ እነርሱ ናቸውና። በአገር ቤት ያለንም፣ እንግዳ ወደ ደጃችን ሲመጣ እንዴት እንደምንቀበለው እንመርምር፤ ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 10 እስራኤል ራሳቸው በግብፅ ስደተኞች እንደ ነበሩ አስታውሳ እንግዳን እንዲወዱ አዝዛቸዋለችና።

ያ ልጅ ተመልሶ ሄዷል። እኛ በዕድሜያችን ገፍተናል፤ አዲስ ቋንቋ ለመማር ምላሳችን ከብዷል። ሆኖም የልጁን ቋንቋ የሚያውቅ አንድ ወጣት ካህን ፈልገን፣ በዚያው በሚኖርበት ከተማ እንዲያገኘው ለእናቱ ነግረናታል። ያ ልጅ በዐይኑ የሞላውን እንባ በሚሰማው ካህን ፊት እንዲያፈስሰው ጸሎታችን ነው። ሥጋን ለብሶ በእንግድነት ወደ ዓለማችን የመጣ፣ በሕፃንነቱም ወደ ግብፅ የተሰደደ ጌታ በስደት ያሉትን ልጆቻችንን ይጠብቅልን። አሜን።