ለወላድ ስለሚሰጥ ምጽዋትና ስለ ቅሬ ድርሻ

ምጽዋት ሲባል ለነዳይ የሚዘረጋው እጅ ብቻ ይታሰበናል። ወላድን ከሞትና ከደዌ ለማዳን የሚወጣ ገንዘብም ምጽዋት ነው፤ ነገር ግን ገንዘብ ብቻውን ቃሬዛ አይሸከምም።

ምጥ ረዳት ሳይገኝለት ሁለትና ሦስት ቀን ሲዘገይ፥ የሕፃኑ ራስ የእናቲቱን ለስላሳ አካል ከዳሌ አጥንት ጋር ይጫነዋል። ደም ያልደረሰውም አካል ሞቶ ይቀደዳል፤ ከዚያም ወዲያ ሽንቷ ያለ ፈቃዷ ይፈሳል። ሕፃኑም አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። ይህም ደዌ ፊስቱላ ይባላል። እርግማን የሚሉት አሉ፤ የመዘግየት ውጤት ነው እንጂ እርግማን አይደለም።

ሐኪሞቹ ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1959 ወደ አዲስ አበባ የመጡት አዋላጆችን ለማስተማር ነበር። ይህን ደዌ ባዩ ጊዜ ግን ከአውስትራሊያና ከሌላም ሀገር ሰዎች ገንዘብ እየለመኑ በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታል አቆሙ፤ በዚያም ሴቶች ያለ ክፍያ ይታከማሉ። የመጀመሪያው አሳብ ደግሞ በ2007 ተፈጸመ፤ የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፍቶ ከገጠር የመጡ ተማሪዎችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ይልካል። በሀገራችን በ2000 በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ግን ቍጥሩ ወደ 412 ወረደ። ቀነሰ እንጂ አላለቀም።

አሁን ወደ ይፋት እንመለስ። ከሸዋ ሮቢት አውራ ጎዳና ርቆ በቆላው መንደር የሚኖር ሰው፥ ወንዝ በክረምት ሲሞላ መንገዱ እንደሚዘጋበት ያውቃል። ሰው ሲሞት ቅሬው ቃሬዛ ያወጣል፤ የቀረ ይቀጣል። ለሬሳ ይህን ያህል ሥርዓት ያለን ሰዎች፥ ለምታምጥ ሴት ጎረቤት እስኪገኝ እንጠብቃለንን? በአማራ አገር በብዙ ወረዳ የመንደሩ ሰው የምታምጠዋን በቃሬዛ እየተፈራረቀ መኪና እስከሚገባበት ድረስ ያደርሳታል። በጤና ጣቢያም የእናቶች ማቆያ ላለበት እህልና ቅቤ ያዋጣሉ፤ ወሯ የገባ ሴት ገንፎዋን እየበላች በዚያ ትጠብቃለች። ቤቱን የውጭ ሰው ሊሠራው ይችላል፤ ገንፎው ግን ከመንደር ካልመጣ ሴቲቱ ረኃብ ፈርታ ከቤቷ አትወጣም።

ስለዚህ መምህሩ ለቅሬው ጸሐፊ ሆኖ፥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን እየጠየቀ፥ ነፍሰ ጡሮችን ፈቃዳቸውን አግኝቶ ከነወራቸው ይመዝግብ፤ የሽማግሌዎቹም ሥራ ተሸካሚዎችን በተራ መመደብ ነው። ባል ከብት ይዞ ቢርቅ ሴቲቱ እንድትሄድ ማን ይፈቅዳል የሚለውም ነገር ምጡ ሳይመጣ፥ ሴቲቱ ራሷ ባለችበት ይቈረጥ።