ለመብላት በተዘጋጀ ምግብ ውስጥ ጎጂ ባክቴሪያ እንዴት ይታወቃል?

በፍቼ ጨምበላላ በዓል ጉዱማሌ በሕዝብ ሲሞላ፣ በአካባቢው የሚሸጠው ምግብም አብሮ ይበዛል። ሳምቡሳው፣ የተቀቀለው እንቁላል፣ የተቆረጠው ፍራፍሬና ጭማቂው ሁሉ ገዝተው ወዲያው የሚበሉት ነው። በሐይቁ ዳር በአሞራ ገደልም ጥሬ ቆሮሶ በዳጣ ይበላል። እንዲህ ያለው ምግብ ከእጃችን ከገባ በኋላ እሳት አያየውም፤ ጎጂ ባክቴሪያ ካለበትም እንዳለ ወደ ሆዳችን ይገባል። በዚህች አጭር ጽሑፍ ባክቴሪያው በላቦራቶሪ እንዴት ተፈልጎ እንደሚገኝ ለጓደኞቼ፣ ለመምህራንና ለወላጆች ላስረዳ እወዳለሁ።

ብዙ ሰው ምግብ መበላሸቱን በሽታው ይለያል። ነገር ግን ምግብን የሚያሸተው ባክቴሪያና ሰውን የሚያሳምመው ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው። ሳልሞኔላ ያለበት ምግብ መልኩም ሽታውም ጣዕሙም ደኅና ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አፍንጫና ምላስ ለዚህ ነገር በቂ ዳኞች አይደሉም።

መርማሪው ሳልሞኔላን ሲፈልግ በመጀመሪያ ከምግቡ 25 ግራም ወስዶ ባክቴሪያን በሚመግብ 225 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ይበጠብጠዋል፤ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀትም ያሳድረዋል። ይህም የደከመው ባክቴሪያ እንዲያገግምና እንዲበዛ ነው። በማግሥቱ ጥቂት ጠብታ ቀድቶ ሌሎችን ባክቴሪያዎች ወደሚገታ ፈሳሽ ያዛውራል። በሦስተኛው ቀን አጋር በሚባል የረጋ ምግብ ላይ ይቀባዋል። አጋሩ የሚቀመጠው ጀርመናዊው ፔትሪ በ1887 እ.ኤ.አ. ባስተዋወቀው ባለክዳን ሳሕን ነው። ሳልሞኔላ ካለ ብዙውን ጊዜ መካከላቸው የጠቆረ ቀያይ ነጠብጣቦች ይበቅላሉ። እነዚህም እንደገና በሌላ ምርመራ ይረጋገጣሉ፤ ሥራው በጠቅላላው አራት ወይም አምስት ቀን ይፈጃል።

እስቲ አሁን ሒሳቡን እንሥራ። አንድ ባክቴሪያ የተመቸ ሙቀት ሲያገኝ በየ20 ደቂቃው ሁለት ሊሆን ይችላል። በዚህ ፍጥነት ከቀጠለ በ7 ሰዓት ውስጥ 2,097,152 ይሆናል። እንግዲህ ጧት የተሠራው ምግብ ማታ ይበላል፤ የምርመራው ውጤት ግን ገና ከቀናት በኋላ ይደርሳል።

ታዲያ ምርመራው ምን ይጠቅማል? ጥቅሙ የበሽታውን ምንጭ ማግኘት ነው። በ2017 እና በ2018 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ ሊስቴሪያ የተባለው ባክቴሪያ ከ1,000 በላይ ሰዎችን አሳምሞ ከ200 በላይ ገደለ፤ ከሟቾቹም ብዙዎቹ ጨቅላ ሕፃናት ነበሩ። መርማሪዎች የበሽተኞቹንና የምግቡን ባክቴሪያ አስተያይተው ምንጩ ሳይበስል የሚበላ የፋብሪካ ሥጋ መሆኑን ደረሱበት፤ ምግቡም ከገበያ ተሰበሰበ።

የዕለቱን ገበታ የሚጠብቀው ግን አዘጋጁና በላተኛው ነው። እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ለጥሬና ለበሰለ ምግብ የተለያየ ቢላዋና መክተፊያ መያዝ፣ የሚበስለውን ውስጡ 70 ዲግሪ እስኪደርስ ማብሰል፣ ትኩሱን ከ60 ዲግሪ በላይ፣ ቀዝቃዛውን ከ5 ዲግሪ በታች ማቆየት ያስፈልጋል። ማቀዝቀዣም ቢሆን ሊስቴሪያን ያዘገየዋል እንጂ አያስቆመውም። አባቶቻችን «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» ያሉት ለዚህም ይሠራል።