ለምህንድስና ትምህርት ኮሌጅ ስንመርጥ ምን እንይ?

የ12ኛ ክፍል ውጤት በተነገረ ማግስት በየቤቱ አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ «ልጁ ኢንጂነሪንግ መማር ይፈልጋል፣ የት እናስገባው?» የሚል። ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ይህንኑ ጠየቀኝ። የመጀመሪያ ልጁ በአንድ የግል ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምሮ ነበር። ኮሌጁ በዚያ ቅርንጫፍ ለዚያ የትምህርት መስክ ፈቃድ እንደሌለው የታወቀው ገንዘቡም ጊዜውም ካለቀ በኋላ ነው። አሁን ተራው የእህቱ ነውና አባት ፈርቷል። ፍርሃቱ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ፍርሃት ብቻውን መምረጫ አይሆንም። ስለዚህ ለእርሱ የነገርኩትን ለእናንተም ላካፍል።

አንደኛ፦ ከተቋሙ ስም በፊት መስኩን እንወስን። ምህንድስና አንድ ትምህርት አይደለም፤ ሲቪል፣ ኤሌክትሪካል፣ መካኒካል፣ ኬሚካል እያለ ይከፋፈላል። ተቋማቱም በየታሪካቸው የተለያዩ ናቸው። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ መነሻው በ1979 ዓ.ም. የተከፈተው የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም ነው። የባሕር ዳሩ ደግሞ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመው ፖሊቴክኒክ ሲሆን የጨርቃ ጨርቅ ምህንድስናም ይሰጥበታል። በተጨማሪም በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪው በመጀመሪያ የጋራ ትምህርቶችን ይወስዳል፤ ወደ ዲፓርትመንት የሚመደበው በምርጫውና በውጤቱ ነው። እንግዲህ በስም ብቻ ተስቦ የገባ ተማሪ ያልፈለገው ዲፓርትመንት ሊደርሰው እንደሚችል አይርሳ።

ሁለተኛ፦ ፈቃዱን እናጣራ። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ለግል ተቋማት ፈቃድ የሚሰጠው በጥቅሉ ለኮሌጁ ሳይሆን ለየትምህርት መስኩና ለየካምፓሱ ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ወረቀት አይቶ መመለስ አይበቃም። የመስኩ ስም፣ የካምፓሱ ስምና ፈቃዱ የሚያበቃበት ቀን ተጽፎ ባለሥልጣኑ ዘንድ ይጠየቅ። የወዳጄ ቤት ኪሣራ በዚህች በአንዲት ጥያቄ ይድን ነበር።

ሦስተኛ፦ ቤተ ሙከራውንና ወርክሾፑን በአካል ሄደን እንይ። ማሽኑ ይሠራል ወይስ አቧራ ለብሷል? ለአንድ ማሽን ስንት ተማሪ ይሰለፋል? ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ ወደ ፋብሪካና ወደ ግንባታ ቦታ ሲወጡ ቦታውን የሚያገኝላቸው ማን ነው? ይህን ከጽሕፈት ቤቱ ሳይሆን ከአራተኛና ከአምስተኛ ዓመት ተማሪዎች እንጠይቅ።

አራተኛ፦ የመውጫ ፈተናን እናስብ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥትም ሆነ በግል ተቋም የተማረ ሁሉ ዲግሪውን ለማግኘት ይህን ፈተና ማለፍ ይኖርበታል። እንግዲያው ከዚያ ዲፓርትመንት ስንቱ ተፈትኖ ስንቱ እንዳለፈ መጠየቅ መብታችን ነው። መልስ የማይሰጥ ኮሌጅ በዝምታው መልስ ሰጥቷል።

አምስተኛ፦ ወጪውን በአንድ ሴሚስተር ሳይሆን በአምስት ዓመት እናስላ። ክፍያው፣ ትራንስፖርቱ፣ መጽሐፉ፣ የኮምፒዩተሩ ዋጋ ሁሉ ይደመር። በሁለተኛው ዓመት ከሚቋረጥ ትምህርት አቅምን አውቆ መጀመር ይሻላል።

ስለ ሴት ልጆቻችን አንድ ነገር ልጨምር። ርቀትን ፈርተን ብቻ የምትፈልገውን መስክ ባንነፍጋት መልካም ነው። ስለ መኝታው፣ ስለ ደኅንነቱ፣ ስለ ሶላትና ስለ ጾም ሁኔታ እዚያው የሚማሩ እህቶችን ታነጋግር። እናትም አባትም እርሷም ቁጭ ብለው ይመካከሩ፤ አምስት ዓመት የምትማረው እርሷ ናትና።

ወዳጄ በመጨረሻ «ኢስቲኻራ አድርገን እንግባበት» አለኝ። መልካም ብሏል። ነገር ግን ኢስቲኻራ የማጣራት ምትክ አይደለም፤ ግመሉን አስሮ በአላህ መመካት ነው የታዘዝነው። በማግስቱ ልጁን ይዞ ወደ ባለሥልጣኑ ቢሮ ሄደ። አላህ ለሁላችንም ኸይሩን ይምረጥልን።